ሕፃኗ ትንፈራፈራለች፣ ጎረምሳው አይናገርም፣ አያት ይቆጣሉ፦ የትኛው የዕድሜ ነው?

ጥያቄው፦ «ሁለት ልጆች አሉኝ። ትንሿ 2 ዓመት ከ4 ወሯ ነው። የፈለገችው ካልሆነላት መሬት ላይ ተዘርራ ትንፈራፈራለች፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ እያለቀሰች ትንፋሿ ቀጥ ብሎ ከንፈሯ ጠቆረ። ትልቁ 14 ዓመቱ ነው። በሩን ዘግቶ ይውላል፣ ሌሊት አይተኛም፣ ጠዋት አይነሣም፣ ምን ሆንክ ሲባል መልሱ ‹ምንም› ነው። እናቴ 71 ዓመቷ ሲሆን አምና ከደሴ አምጥቻት አዲስ አበባ አብራን ትኖራለች። ትዕግሥተኛ ሴት ነበረች፤ ከሁለት ወር ወዲህ ግን በሆነው ባልሆነው ትቆጣለች፣ ገንዘቤን ሰረቃችሁኝ ትላለች፣ ሌሊት እየተነሣች ትዘዋወራለች። ስኳርና ግፊት አለባት። እንቅልፍ እንዲወስዳትም ከፋርማሲ መድኃኒት ገዝተንላታል። የቤቱ ሰው ሁሉ ባንዴ ጠባዩ ተበላሸብኝ። ይሄ ሁሉ ዕድሜ ነው? ማንን ልቆጣ፣ ማንን ልታገሥ?»

ምላሽ፦

የሦስቱንም ጠባይ የምንመዝንበት አንድ መለኪያ አለ። ዕድሜ የሰውን ጠባይና ስሜት የሚለውጠው ቀስ ብሎ ነው፤ በወራትና በዓመታት፣ እኩዮቹም በሚያልፉበት መንገድ። አንድ ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከገዛ ራሱ ጠባይ ርቆ ሌላ ሰው ከመሰለ ግን «አርጅቶ ነው» ወይም «ጎርምሶ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። በዚህ መለኪያ ትንሿ ልጅዎ በአብዛኛው ዕድሜዋን እየኖረች ነው። የትልቁ ሁኔታ ጥቂት ማጣራት ይፈልጋል። የእናትዎ ለውጥ ግን ዕድሜ አይደለም። በጥያቄዎ መጨረሻ ላይ ያነሷቸው እርሳቸው ከሁሉም ቀድመው፣ በዚህ ሳምንት፣ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። ጊዜ ካጠረዎት ስለ እርሳቸው የጻፍኩትን ወደ ታች ወርደው መጀመሪያ ያንብቡ።

አራስ ልጅ ያለው ስሜት ጥቂት ነው፦ መመቸት፣ አለመመቸት፣ መደንገጥ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ሰው አይቶ ፈገግ ይላል፤ በ3 እና በ4 ወሩ ድምፅ አውጥቶ ይስቃል፤ ከ6 እስከ 9 ወር ባለው ደግሞ ለማያውቀው ሰው ሲሰጡት ያለቅሳል። ይህ የመጨረሻው ሲመጣ «ልጁ ሰው ጠላ፣ ዓይን አይቶት ይሆናል» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን ልጁ የራሱን ሰው ከሌላው መለየት መቻሉ ነው፤ ደስ ሊል ይገባል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሕፃን ራሱን በራሱ ማረጋጋት አይችልም። የሚረጋጋው ሌላ ሰው ሲያረጋጋው ነው፤ አቅፈውት ወዲያ ወዲህ ሲሉ የልብ ምቱ ሳይቀር ይቀንሳል። የሚያስፈራውንና የማያስፈራውን የሚያውቀውም ከሰው ፊት ላይ አንብቦ ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የ1 ዓመት ሕፃናት ሥሩን የሚያሳይ ጠንካራ መስተዋት በተዘረጋበት ሰፊ ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ ተቀመጡ። ከጠረጴዛው አጋማሽ በኋላ፣ ከመስተዋቱ ሥር፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የጎደጎደ ቦታ ይታያል። መስተዋቱ ስለሚይዝ መውደቅ የለም፤ ሕፃኑ ግን ይህን አያውቅም። እየዳኸ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይቆምና ቀና ብሎ ማዶ ያለችውን እናቱን ያያል። እናቶቹ እንዳይናገሩ ተነግሯቸዋል፤ ልጁ የሚያገኘው ፊታቸውን ብቻ ነው። እናታቸው ደስተኛ ፊት ካሳየቻቸው 19 ሕፃናት 14ቱ ተሻገሩ። የፈራ ፊት ካዩት 17 ሕፃናት አንድም አልተሻገረም። ልጅዎ እየተንፈራፈረች እንኳ በመካከሉ ፊትዎን ሰረቅ አድርጋ የምታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከእርስዎ ፊት የምታነበው ነገር የእልሁን ርዝመት ይወስናል።

በሁለተኛው ዓመት ላይ «እኔ» የሚለው ይመጣል። አፍንጫዋ ላይ ሳታውቅ ቀለም የተቀባች ሕፃን ከ18 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ መስታወት ብታይ፣ መስታወቱን ሳይሆን የራሷን አፍንጫ መንካት ትጀምራለች። ከዚሁ ጋር ማፈርና መኩራት ይመጣሉ። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ ላይ ያለችን ልጅ እንግዳ ፊት ማሳፈር ከምናስበው በላይ ይጎዳታል። ፈቃዷም አብሮ ይነቃል፦ «እኔ ራሴ»፣ «እምቢ»፣ «የኔ»። ፈቃዱ ቀድሞ መጥቷል፤ የምትናገርበት ቃልና ራሷን የምትገታበት አቅም ግን ወደኋላ ቀርተዋል። ስሜትን የሚገታው የግንባር አንጎል ክፍል ሙሉ በሙሉ የሚበስለው በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ነው። የ2 ዓመት ልጅን «ራስሽን ግዢ» ማለት ያላደገ ነገር መጠየቅ ነው።

አብዛኛው እንዲህ ያለ እልህ ከ5 ደቂቃ አያልፍም። ውስጡ ሁለት ስሜት አለ። ቁጣው ቶሎ ጫፍ ደርሶ ይወርዳል፤ ኀዘኑ ከሥሩ ይቀጥላል። ቁጣው ጫፍ ላይ ሳለ ማባበልም፣ መምከርም፣ «ለምን?» ብሎ መጠየቅም ያራዝመዋል። ያን ጊዜ ከሰል፣ ጀበናና ሹል ነገር ከአጠገቧ ያርቁ፤ አጠገቧ ዝቅ ብለው ይቀመጡ፤ ዝም ይበሉ። ጩኸቱ ወደ ልቅሶ ሲወርድና ወደ እርስዎ ስትዞር ይቀፏት። ያኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ብስኩቱን ስለከለከልኩሽ ተናደድሽ።» ብስኩቱን ግን አይስጧት።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው አምስት ጊዜ ከልክሎ በስድስተኛው፣ በተለይ እንግዳ ባለበት፣ በመስጠት ነው። አንዳንዴ ብቻ የሚሳካ ልቅሶ ሁልጊዜ ከሚሳካው የበለጠ ሥር ይሰዳል፤ ልጅቱ የምትማረው ምን ያህል መጮህ እንዳለባት ነው። ሊሰጧት ካሰቡ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ይስጧት፤ ከከለከሉ ደግሞ አያትም፣ ወንድምም፣ ሠራተኛም በአንድ ቃል ይጽኑ። ሌላው ማስፈራራት ነው፦ «ጅቡ መጣ»፣ «ዶክተሩ መርፌ ይወጋሻል»። በዚህ ዕድሜ ጅቡ የምር ይሁን የውሸት አይለይም፤ ዝም የምትለው ስለፈራች እንጂ ስለተረጋጋች አይደለም። ፍርሃቱ ሌሊት በቅዠት ይወጣል፣ ክትባት ቀን ደግሞ ጤና ጣቢያ በር ላይ። መምታትም ያው ነው፤ የተናደደ ሰው ይመታል የሚለውን ያስተምራታል። ስልክ መስጠት ቶሎ ዝም ስለሚያሰኝ የሚመረጥ ነገር ሆኗል፤ ግን ተናድዶ መብረድን የምትለማመድበትን ጊዜ ይወስድባታል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ።

መከላከሉ ከማብረዱ ይቀልላል። እልሁ የሚመጣበትን ሰዓት ለአንድ ሳምንት ይመዝግቡ፤ ብዙውን ጊዜ ከምሳ በፊትና ከእንቅልፍ በፊት ይሰበሰባል። በዚህ ዕድሜ የቀኑን ጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋታል። ምርጫ ሲሰጧት ሁለት ብቻ ይስጧት፦ ቀዩ ሸሚዝ ወይስ ሰማያዊው። ከጨዋታ ሲያስነሷት «አምስት ደቂቃ ቀረሽ» አይበሏት፣ ደቂቃ አታውቅም፤ «አንድ ጊዜ ተንሸራተሽ እንሄዳለን» ይበሏት፤ ያሉትንም ይፈጽሙ።

እልሁ ብዙ ጊዜ ከ25 ደቂቃ ካለፈ፣ በቀን ከአምስት ጊዜ በላይ ለብዙ ቀናት ከተደጋገመ፣ ራሷን ከነከሰች ወይም ጭንቅላቷን ግድግዳ ላይ ከመታች፣ ወይም ሁለት ቃል አገጣጥማ የማትናገር ከሆነ የሕፃናት ሐኪም ይያት። መስማቷም ይታይ።

ትንፋሿ የተቋረጠበት ነገር ለብቻው መታየት አለበት። እያለቀሱ ወደ ውጭ ተንፍሶ ቀጥ ማለት፣ ከንፈር መጥቆር፣ አንዳንዴም ለጥቂት ሰከንድ ራስን መሳት ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይታያል፤ ሆን ብለው የሚያደርጉት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች በራሱ ያልፋል። በጎኗ ያስተኟት፤ አፏ ውስጥ ምንም አያስገቡ፤ አይናጧት፤ ውኃ አይርጩባት፤ ክብሪት አያሽቷት። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ የብረት እጥረት ይህን እንደሚያባብስ ነው፤ እጥረቱ ሲታከም ብዙ ልጆች ላይ ይቀንሳል ወይም ይቆማል። ስለዚህ የደም ማነስን የሚያሳየውን ሄሞግሎቢንና፣ ከተቻለ፣ በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየውን ፌሪቲን ትመርመር። በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ የላም ወተት የምትጠጣ ከሆነ ይቀንሱላት፤ ሻይም ከምግብ ጋር አይስጧት፤ ሁለቱም የብረት እጥረት ያመጣሉ። ሳታለቅስ፣ ስትሮጥ ወይም ተኝታ ሳለ ራሷን ከሳተች፣ ወይም ሰውነቷ ከደቂቃ በላይ ከተንቀጠቀጠ፣ ይህ ሌላ ነገር ነው፤ የልብ ምት ምርመራ (ኢሲጂ) እና የሚጥል በሽታ ምርመራ ያስፈልጋል።

ከ3 እስከ 11 ዓመት ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ4 ዓመት አካባቢ ልጅ ሌላው ሰው እርሱ የሚያውቀውን ላያውቅ እንደሚችል ይረዳል፤ ውሸቱን አሳማኝ ማድረግ የሚጀምረውም በዚሁ አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ስሜቱን ከፊቱ ላይ መደበቅ ይለምዳል። በእኛ አስተዳደግ ይህ ቶሎ ይመጣል፤ እንግዳ ፊት አለማልቀስ፣ ሳይሰጡ አለመጠየቅ ጨዋነት ነው። የአስተዳደግ ልዩነት ይህን ያህል እንደሚሠራ በካሜሩን የንሶ ገበሬዎች ልጆችና በጀርመን ልጆች መካከል በ4 ዓመታቸው የተደረገ ጥናት አሳይቷል። «ይህችን ጣፋጭ ሳትበላ ከቆየህ ሁለተኛ ትጨመርልሃለች» ሲባሉ ከንሶዎቹ 70 በመቶ ያህሉ ታግሠው ጠበቁ፤ ከጀርመኖቹ የጠበቁት 30 በመቶ አይሞሉም። ራስን መግታት ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ሰላም ያለው ልጅ አይደለም፤ ይህም ወደ 14 ዓመቱ ልጅዎ ይወስደናል።

በጉርምስና ስሜትን የሚያቀጣጥለው የአንጎል ክፍል ከሚገታው ቀድሞ ይነቃል። ሽልማት፣ ውርደትና በተለይ የእኩዮች ዓይን ከምንጊዜውም በላይ ይገዝፋሉ። በ2005 እ.ኤ.አ. ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ ባሳተሙት ጥናት ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆች የመኪና መንዳት ጌም ሲጫወቱ፣ ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ካሉ ብቻቸውን ከሚጫወቱበት ጊዜ እጅግ የበለጠ አደጋ ይወስዱ ነበር። ከ24 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ የጓደኛ መኖር ይህን ለውጥ አላመጣም። ልጁ አደጋውን አያውቅም ማለት አይደለም፤ ብቻውን ሲሆን በሚገባ ያውቀዋል። «ማን ጋር ነህ፣ የት ነህ፣ በስንት ሰዓት ትመለሳለህ» የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ከረጅም ምክር ይልቅ የሚጠቅሙት ለዚህ ነው።

እንቅልፉም ስንፍና አይደለም። ሜላቶኒን የተባለው እንቅልፍ የሚጠራ ሆርሞን በጉርምስና ከ1 እስከ 2 ሰዓት ዘግይቶ ይመነጫል። ቀድሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይተኛ የነበረ ልጅ አሁን እስከ 5 ሰዓት እንቅልፍ አይመጣለትም። ሰርቪሱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል በር ላይ የሚቆም ከሆነ ቢበዛ 7 ሰዓት ይተኛል፤ የሚያስፈልገው ግን ከ8 እስከ 10 ነው። ስልክ ሲጨመርበት ጉድለቱ ይሰፋል፣ የተቆጣ ፊቱም ግማሹ የእንቅልፍ ዕዳ ነው። ስልኩ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ከመኝታ ክፍል ውጭ ቻርጅ ይደረግ፤ የእርስዎም ስልክ አብሮ፣ ካልሆነ ሕጉ አይጸናም። ጠዋት መጋረጃው ይከፈት። ቅዳሜና እሑድ ከሥራ ቀን ከ1 እስከ 2 ሰዓት በላይ ዘግይቶ አይነሣ፤ እስከ ቀትር ከተኛ ሰኞ ጠዋት እንደገና ይበላሻል።

በር መዝጋቱ ብቻውን አያሳስብም። ያሳስባል የምለው ከበሩ ውጭ ያለው ሕይወት ሲጠብ ነው። ኳስ ይወድ ከነበረ አሁንም ይጫወታል? ከጓደኞቹ ጋር ይገናኛል? ውጤቱ ወርዷል? ምግብ ትቷል? በዚህ ዕድሜ ድብርት ብዙ ጊዜ የሚታየው በማዘን ሳይሆን በብስጭት ነው፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ከቆየ እንደ ጉርምስና ጠባይ አይታለፍ። በሕይወት ዘመን ከሚገጥሙ የአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ፊት ለፊት አስቀምጠው አይጠይቁት፤ መኪና ውስጥ ወይም አብራችሁ ዕቃ ስታጥቡ ይቀላል። «ምንም» ሲልዎት «እሺ፣ ስትፈልግ አለሁ» ብለው ይተዉት፤ በማግስቱ ይድገሙት። የመሞት ሐሳብ እንዳለው ከጠረጠሩ በቀጥታ ይጠይቁት፦ «መኖር አስጠልቶህ ያውቃል? ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ አያስገባም። አዎ ካለ ብቻውን አይተዉት፤ መድኃኒት፣ የአይጥ መርዝና በረኪና ይቆለፍባቸው፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

አሁን ወደ እናትዎ።

እርጅና በተፈጥሮው ቁጡ አያደርግም። እንዲያውም ጥናቶች የሚያሳዩት ተቃራኒውን ነው። ከወጣትነት ወደ ጉልምስና ሰው ባመዛኙ እየተረጋጋ፣ ለሌላው እያሰበ፣ ኃላፊነት እየተሸከመ ይሄዳል፤ ጤነኛ አረጋዊም ከወጣቱ ያነሰ ቁጣና ጭንቀት ይሰማዋል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሎራ ካርስተንሰን ለዚህ ጥሩ ማብራሪያ አላት፦ ቀሪው ጊዜ እንዳጠረ የሚያውቅ ሰው አዲስ ከመተዋወቅ ይልቅ ልቡ የሚወዳቸውን ጥቂት ሰዎች ይመርጣል፣ ከክፉው ይልቅ በጎውን ያያል። አንድ ድክመት አለ፤ አረጋዊ አንዴ በኃይል ከተቆጣ ሰውነቱ ለመብረድ ከወጣት የበለጠ ጊዜ ይፈጅበታል። በተቆጡበት ሰዓት መከራከር የማያዋጣው ለዚህ ነው። ትዕግሥተኛ የነበሩ እናት በሁለት ወር ውስጥ ተጠራጣሪና ቁጡ ከሆኑ ግን የምንፈልገው የሕመም ምክንያት ነው።

ቅድሚያ የሚሰጠው ሐኪሞች ዴሊሪየም የሚሉት ድንገተኛ የአእምሮ መታወክ ነው። በሰዓታት ወይም በቀናት ይመጣል፤ ጠዋት ደህና ሆነው ማታ ይብሳል፤ ሐሳባቸው አይሰበሰብም። ሁለት ወር ለእርሱ ረዘም ያለ ቢሆንም በሌላ ሕመም ላይ ተደርቦ ሊመላለስ ይችላል። ቤት ውስጥ ሊሞክሩት የሚችሉት ቀላል ነገር አለ፦ በፍቅር፣ እንደ ጨዋታ አድርገው፣ የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ጀምረው ወደኋላ እንዲቆጥሩ ይጠይቋቸው። ጤነኛ ሰው ፊደል ባይቆጥርም ይህን ይወጣዋል። መሃል ላይ ከጠፋባቸው፣ ወይም ምን እንደተጠየቁ ከረሱ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ያስመርምሯቸው። ምክንያቱ የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ አረጋውያን ላይ ትኩሳትም ሳልም ሳይኖር የጠባይ ለውጥ ብቻውን የመጀመሪያ ምልክት ይሆናል። ድርቀት፣ ከባድ የሆድ ድርቀትና ሽንት አልወጣ ማለትም ያመጡታል።

ቀጥሎ መድኃኒቱ። ከፋርማሲ ገዛን ያሉትን አጥብቄ እጠረጥራለሁ። ለእንቅልፍ እየተባሉ የሚሸጡት እንደ ዲፌንሃይድራሚንና ክሎርፌኒራሚን ያሉ የአለርጂ መድኃኒቶች፣ የድብርት መድኃኒት የሆነው አሚትሪፕቲሊንም ጭምር፣ የአረጋውያንን አእምሮ ያደበዝዛሉ፣ አፍ ያደርቃሉ፣ ሽንት ያግዳሉ። ዲያዜፓም ሚዛን ያስታል፣ ሌሊት ለሽንት ሲነሡ ይጥላቸዋል። መድኃኒቱ የተጀመረበትን ቀንና ጠባያቸው የተለወጠበትን ቀን ያስተያዩ። የአለርጂ መድኃኒት ከሆነ ለሐኪም ነግረው ያቁሙት። ዲያዜፓም ሆኖ ለሳምንታት ከወሰዱት ግን በድንገት ማቆም አደገኛ ነው፤ ሐኪም ደረጃ በደረጃ ያስቀንሳቸው።

ስኳራቸውን በተመለከተ፦ እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን እየወሰዱ ይጾማሉ? ሳይበሉ ሲውሉ ስኳሩ ይወርዳል፣ የመጀመሪያ ምልክቱም ቁጣ፣ ላብና ግራ መጋባት ነው። በሚቆጡበት ሰዓት ስኳራቸውን ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነና መዋጥ የሚችሉ ከሆነ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይስጧቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ስለ ጾሙ ከሐኪማቸው ጋርም ከነፍስ አባታቸው ወይም ከኢማማቸው ጋርም ይነጋገሩ፤ ለታመመ ሰው መንገድ አለው።

ጆሯቸውንና ዓይናቸውን አይርሱ። በደንብ የማይሰማ ሰው ሌሎች ሲንሾካሾኩ ስለ እርሱ የሚያወሩ ይመስለዋል። አንዳንዴ ችግሩ የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ታጥቦ ሲወጣ ጥርጣሬው ይቀላል።

ድብርትም አለ፤ ይህ በአረጋውያን ላይ በጣም የሚታለፍ ነገር ነው። «አዝኛለሁ» አይሉም፤ «ጨጓራዬን»፣ «ራሴን»፣ «ሰውነቴ ዛለ» ይላሉ፤ ምግብ ይቀንሳሉ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነቅተው ይቀራሉ። የእናትዎን ሕይወት ደግሞ ያስቡት። ደሴ ላይ ዕድርተኛ ነበሩ፤ ለቅሶ ደራሽ፣ ቡና ጠሪ፣ ምክር የሚጠየቁ ሰው። አሁን ትልቁ ልጅ ትምህርት ቤት፣ እርስዎ ሥራ ሲውሉ፣ ቋንቋውን የማይረዱት ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ። ከላይ እንዳልኩት በዚህ ዕድሜ የሰው ልብ በጥቂት ሰዎች ላይ ነው የሚጸናው፤ እነዚያ ጥቂት ሰዎች 400 ኪሎ ሜትር ርቀው ቀርተዋል። ማገዝ ይቻላል፦ በቡና ሰዓት ለደሴ ጎረቤቶቻቸው ስልክ ይደወልላቸው፤ በአቅራቢያ የዕድርና የማኅበር ወይም የጀመዓ ሰዎች ጋር ያገናኟቸው፤ ቤት ውስጥ የራሳቸው የሆነ፣ ማንም የማይነካባቸው ሥራ ይኑራቸው፤ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ደርሰው ይምጡ። ይህ ግን ከምርመራው ጎን ለጎን የሚሆን እንጂ በምርመራው ፈንታ አይደለም።

በመጨረሻ የመርሳት ሕመም ይታሰባል። የሚጀምረው ቀስ ብሎ ነው፤ ቤተሰብ ግን አንድ ቀን በድንገት ያስተውለዋል። አንድ ጥያቄ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደጋግሞ መጠየቅ፣ የታወቀ ወጥ አሠራር መሳት፣ በሰፈር ውስጥ መጥፋት ይታይባቸዋል? «ገንዘቤን ሰረቃችሁኝ» የሚለውም እዚህ ይገባል። ገንዘቡን እንዳይጠፋ ብለው ይሸሽጉታል፤ መሸሸጋቸውን ይረሳሉ፤ አእምሮ ክፍተቱን በሚቀርበው ማብራሪያ ይሞላዋል፤ የሚከሰሰውም ሁልጊዜ አጠገባቸው ያለው ሰው ነው። «እኔ ሌባ ነኝ?» ብሎ መከራከር፣ «ትናንት ራስዎ አይደሉም የደበቁት?» ማለት ውርደት ይጨምራል። «ያስጨንቃል፤ ኑ አብረን እንፈልግ» ይበሉና ያገኙት እርሳቸው እንዲሆኑ ያድርጉ። የሚሸሽጉባቸውን ቦታዎች ይልመዷቸው፤ ፍራሽ ሥርና የልብስ ኪስ ይቀድማሉ። ትንሽ ዝርዝር ብር ያለበት ሁለተኛ ቦርሳ ይያዝላቸው። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ቡና ይቅር፤ ማምሻውን መብራት ቀደም ብሎ ይብራ፣ ጥላና ጨለማ ግራ መጋባቱን ያባብሳል፤ ወደ መጸዳጃ የሚወስደው መንገድ ላይ ሌሊቱን ትንሽ መብራት ይኑር።

ለእርስዎም አንድ ነገር። ሦስቱም ሲቆጡ የሚያርፉት እርስዎ ላይ ነው። ሌሊት ከእናትዎ ጋር እየተነሡ፣ ቀን ሕፃኗን የተረጋጋ ፊት ማሳየት በጉልበት ብቻ አይሆንም። የሌሊቱን ተራ ከባለቤትዎ ወይም ከወንድም እህት ጋር ይካፈሉ፤ ይህን ቸል ካሉ ከላይ የጻፍኩት አንዱም አይሠራም።

እናትዎን ወደ ሐኪም ሲወስዱ መጀመሪያ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ይሂዱ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጨምሮ፣ ከነዕቃው በአንድ ፌስታል ይዘው ይቅረቡ። አንድ ወረቀት ላይ ለውጡ የጀመረበትን ቀን፣ የሚብስበትን ሰዓት፣ ወድቀው ከሆነም መቼ እንደወደቁ ይጻፉ፤ ጭንቅላት መመታት በሳምንታት ውስጥ ደም ሊያቋጥር ይችላል። ሽንት፣ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ ሶዲየም፣ ታይሮይድ፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ቂጥኝና ኤችአይቪ ቢመረመሩ ሊታከም የሚችል ምክንያት የማምለጥ ዕድሉ ይጠባል። ሁሉም ደህና ከሆነ ወደ ነርቭ ወይም ወደ አእምሮ ሐኪም ይላካሉ፤ እንደ አማኑኤል ያለ የአእምሮ ሆስፒታል መሄድ አያሳፍርም። ጸበል የሚወስዷቸው ከሆነ የስኳሩና የግፊቱ መድኃኒት አብሮ ይቀጥል። ዛሬ ማታ አልነቃ ካሉ፣ ፊታቸው ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከሰነፈ ወይም ንግግራቸው ከተያዘ ግን እስከ ጠዋት አይጠብቁ። የሕፃኗን የደም ምርመራ በዚሁ ሳምንት ማሠራት ይችላሉ፤ ለልጁ ደግሞ የእንቅልፉን ሥርዓት ሁለት ሳምንት ይሞክሩና ብስጭቱ ካልቀለለ እርሱንም ይዘውት ይሂዱ።